የፊራኦል ዋስ

በፈረንጆቹ 2018፣ በኦክቶበር መጨረሻ በዋለ ሐሙስ ምሽት፣ ሚኒሶታ ውስጥ አፕል ቫሊ በሚገኘው በአጎቴ በመገርሳ ሳሎን አምስት ሰዎች ነበርን፤ መገርሳ ራሱ፣ ባለቤቱ ኢብሲቱ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ኦቦ ጎንፋ፣ የአዲስ አበባው ጋሽ ኃይለማርያምና እኔ ለሜሳ። የተጠራነው ስለ ፊራኦል ነበር። ፊራኦል ግን አልነበረም።

ፊራኦል የመገርሳ የበኩር ልጅ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ትምህርት ሲከፈት ፍራተርኒቲ ሊገባ ተመዘገበ። ፍራተርኒቲ የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ነው። የራሱ ቤት አለው፣ በሩ ላይ የግሪክ ፊደላት ተሰቅለዋል፣ አባላቱም እርስ በርሳቸው «ወንድሜ» ይባባላሉ። አዲስ ገቢ ግን በቀጥታ አይገባም። ለሳምንታት ይላላካል፣ ይፈተናል፣ በመጨረሻ ይምላል። የፊራኦል መሐላ በሚመጣው እሑድ ማታ ነበር።

መገርሳ መቀመጥ አቅቶት ከመስኮቱ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል።

«ስልኩ በጮኸ ቁጥር እንደ ወታደር ብድግ ይላል» አለ። «እራት ላይ ሆኖ፣ ማንኪያውን ጥሎ። ‹ማን ነው?› ስለው ‹አባዬ፣ መናገር አይፈቀድልኝም› ይለኛል። በገዛ ቤቴ የከለከለው ማን ነው?»

«ልጆች ሁሉ ስልካቸው ሲጮኽ ይነሣሉ» አለች ኢብሲቱ። «የእኔ ሱፐርቫይዘር ልጇ እዚያ ገብቶ ነው ሥራ ያገኘው። አባላቱ የትም ቢሄዱ ይረዳዳሉ አለችኝ። እኛ የምናውቀው ማን አለን? አንተ ሆቴል ቧንቧ ትጠግናለህ፣ እኔ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን አጥባለሁ። ልጁ ሰው ይወቅ።»

«ሰው ለማወቅ የሰው ካልሲ ማጠብ አለበት? ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቅርጫት ሙሉ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ካልሲ እታች ሲያጥብ አገኘሁት።»

«ያንተን ካልሲ አጥቦ አያውቅም። ያናደደህ እሱ ነው።»

ጋሽ ኃይለማርያም ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ኦሮምኛ ስለማይሰማ እርሱ ባለበት ሁላችንም አማርኛ እንናገራለን።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ማኅበር ነው አላችሁ አይደል? እኔም የጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ። ማኅበር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ብቻውን ከሚንከራተት ማኅበር ቢኖረው ይሻላል። ነገር ግን እኛ ዘንድ አዲስ ሰው ሲገባ አንዱ ተነሥቶ ‹እኔ ዋስ እሆነዋለሁ› ይላል። ሰውየው ቢያጠፋም ቢጠፋም የሚጠየቀው ያ ነው። የፊራኦል ዋስ ማን ነው?»

ማንም አላወቀም። መገርሳ መሄዱን አቆመ።

«ዋስ ሳይኖረው ነው የሚምለው?»

«እንግዲያው እንሂድና እንጠይቅ» አሉ ኦቦ ጎንፋ።

«ሽማግሌ ሆናችሁ?» አለች ኢብሲቱ። «ልጄን ልትድሩት ነው?»

«ልንድረው አይደለም። ማን እንደ ወሰደው ልናይ ነው።»

«እሺ፣ ለፊራኦል አስቀድመን እንንገረው።»

«የሚጠየቀው የወሰደው ነው እንጂ ልጁ አይደለም» አሉ ኦቦ ጎንፋ፤ ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። አባት ለልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድምና መገርሳ ቤት እንዲቀር፣ እኔ እንድነዳና እንዳስተረጉም ተወሰነ። የእኔ እንግሊዝኛ ብሉሚንግተን ውስጥ የሆቴል እንግዶች የማመላልስበትን ሻትል ስነዳ የለመድሁት ነው፤ ስንት ሻንጣ አለዎት፣ የትኛው ተርሚናል፣ ቀበቶ ይታጠቁ። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ሳልናገር ሁሉም ካፖርታቸውን ለበሱ።

ሌላም ያልነገርኋቸው ነገር ነበር። ቤት የሰነበተውን ፊራኦልን እሑድ እሑድ ወደ ዶርሙ የምመልሰው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ደርሰን መኪናውን ሳቆም አይወርድም ነበር። «ትንሽ ቆይ» ይለኛል፤ ማሞቂያውን ከፍተን ዝም ብለን እንቀመጣለን። በዚህ ዓመት ግን መኪናው ሳይቆም በሩን ይከፍታል። ስለዚህ መገርሳ ሲናገር ከመገርሳ ጋር፣ ኢብሲቱ ስትናገር ከኢብሲቱ ጋር እየሆንሁ አመሸሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ኦቦ ጎንፋ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው በትራቸውን ይዘዋል፤ ጋሽ ኃይለማርያም የቤተ ክርስቲያን ካፖርቱን ደርቧል። የዩኒቨርሲቲው ቡድን በዚያ ቀን እንደሚጫወት ማንኛችንም አላወቅንም። መንገዱ ሁሉ ማሊያ በለበሰ ሰው ተሞልቷል፤ መኪና ማቆሚያ የለም። ሦስት ጊዜ ዞርን። ኦቦ ጎንፋ በበትራቸው የመኪናውን ወለል ይመታሉ።

ቤቱ ፊት ስንደርስ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ረጅም ልጅ ብርቱካናማ ጨርቅ እያውለበለበ ወደ ሣሩ አስገባን።

«አየህ፣ ደጅ ወጥተው ተቀበሉን» አሉ ኦቦ ጎንፋ ደስ ብሏቸው።

ልጁ ለጨዋታው ለሚመጡ ሰዎች ፓርኪንግ እየሸጠ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ሳያዩኝ ቶሎ ከፈልሁት። ከኋላችን ወዲያው ሌላ መኪና ተደረደረ፤ ከኋላውም ሌላ።

ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ሶፋና ምንጣፍ ላይ ተዘርግተው ጨዋታ ይጠብቃሉ። ጠረጴዛው ላይ የፒዛ ካርቶን ተከምሯል። የቤቱ ፕሬዚዳንት ታይለር የሚባል ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ነው። ማን እንደሆንን ስነግረው በሁለት እጁ ጨበጠን።

«የፊሮ ቤተሰብ ናችሁ! ተቀመጡ፣ እባካችሁ ተቀመጡ።»

ፊሮ የሚሉት ፊራኦልን ነው። ሁለት ልጆች ተነሥተው ሶፋ ለቀቁ። ሽማግሌዎቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«የመጣንበት ነገር መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም በላቸው» አሉ ኦቦ ጎንፋ።

ተረጎምሁ። ታይለር ወደ ሶፋው፣ ወደ እኔ፣ እንደገና ወደ ሶፋው ተመለከተ።

«እስከ መቼ ነው የሚቆሙት?»

«መልስ እስኪያገኙ።»

«ወንበሩ አልተመቻቸውም?»

«ወንበሩ ጥሩ ነው» አልሁት።

የሚኒሶታ ልጆች ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ አይሆንላቸውም። መጀመሪያ ቅርብ ያሉት ተነሡ፣ ቀጥሎ መካከል ያሉት፣ በመጨረሻ ምንጣፍ ላይ የተጋደመውም ቁራሽ ፒዛውን ይዞ ተነሣ። አንዱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ። ክፍሉ በቆመ ሰው ተሞላ፤ እጁን የት እንደሚያደርግ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

በዚህ መካከል ፊራኦል ከምድር ቤት ባልዲ ይዞ ወጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ክራቫት አስሯል፤ አዲስ ገቢዎች ቅዳሜ ሲያጸዱ እንዲያስሩ ታዘዋል። ኦቦ ጎንፋን ሲያይ ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ለሜሳ፣ ምን አደረግህ?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ግድግዳው ጥግ ቆመ።

ኦቦ ጎንፋ ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ ፊራኦል አያት፣ ቤተሰቡ ከአገር ስለወጣበት መንገድ፣ በስደተኞች ካምፕ ስለተወለደው ልጅ፣ ዛሬም ይህን ልጅ ለማን እንደሰጡ ሳያውቁ እንደማያድሩ ተናገሩ። እኔ የቻልሁትን ያህል ወደ እንግሊዝኛ መለስሁት። ታይለር አንገቱን እየነቀነቀ በትዕግሥት ሰማ።

«እዚህ ማንም አልተገደደም» አለ። «ፊሮ ከፈለገ አሁኑኑ መሄድ ይችላል። እርሱን ጠይቁት።»

«ልጁን አንጠይቅም» አሉ ኦቦ ጎንፋ። «እናንተን ነው የጠየቅነው።»

«እኛ ስለ እርሱ መልስ መስጠት አንችልም። የራሱ ውሳኔ ነው።»

«ስለ እርሱ መልስ የማትሰጡ ከሆነ እንዴት ወንድማችን ትሉታላችሁ?»

ይህንኑ እያመላለሱ ደጋገሙት። እኔም ከአንዱ ወደ ሌላው ስዞር ላብ አጠመቀኝ። እነዚያ ከፊራኦል በቀር ከማንም መልስ አይቀበሉም፤ እኛ ደግሞ ከፊራኦል በቀር ከሁሉም እንቀበላለን። ፊራኦል የክራቫቱን ጫፍ እየጠቀለለ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ሥርዓቱን ጥሼ በኦሮምኛ ጠየቅሁት።

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?»

ኦቦ ጎንፋ በዐይናቸው ገረፉኝ። ፊራኦል ግን መለሰ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«የአምናውን ታውቃለህ። ካፍቴሪያ ትሪ ይዤ የት እንደምቀመጥ ሳላውቅ ነው ዓመቱ ያለቀው። እዚህ በሩን ስከፍት ይህ ሁሉ ሰው ስሜን ይጠራል። አበላሽተው ቢጠሩትም ስሜ ነው። ካልሲ ማጠቡን ወድጄው መሰለህ? ዛሬ ብታስወጡኝ ግን አባቱ ሽማግሌ ልኮ ያስወጣው ልጅ ነው የምባለው። ከዚያ በኋላ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ልቀመጥ?»

«ምን አለ?» አለ ታይለር።

«ቤቱን ይወደዋል» አልሁ። ሌላውን ለእርሱ ተውሁለት።

«ምን አለ?» አለ ጋሽ ኃይለማርያምም።

«መቆየት ይፈልጋል» አሉ ኦቦ ጎንፋ በአማርኛ። በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «እሺ። አናወጣውም። ግን ዋስ ይስጡን።»

ዋስ የሚለውን ቃል ለማስረዳት ተቸገርሁ። በልጁ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ መጥተን የምንጠይቀው አንድ ሰው ነው አልሁ።

«ሁላችንም ነን» አለ ታይለር ፊቱ እየበራ። «ሁላችንም ወንድሞቹ ነን።»

«አንድ ሰው» አለ ጋሽ ኃይለማርያም፤ ይህን በእንግሊዝኛ ራሱ አለው፣ ጣቱን ቀስሮ። «ሁላችሁንም የት አግኝቼ እጠይቃለሁ? አንዱን ስጡኝ።»

«ቤቱ ኢንሹራንስ አለው» አለ ታይለር።

ጋሽ ኃይለማርያም እኔን ሳይጠብቅ ገባው። «ለመኪናዬም አለኝ። የጠየቅሁት ሰው ነው።»

ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ ከነባሮቹ ታላቅ ወንድም ይመደብለታል። የፊራኦል ታላቅ ወንድም ብራንደን የሚባል ልጅ ነበር፤ ሁሉም ወደ እርሱ ዞሩ። ብራንደን ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ፊራኦል ሲያየው አየሁ። አንዱ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ይፈትጋል፣ ሌላው ጣሪያ ያያል። ውጭ የጨዋታው ሙዚቃ ይሰማል።

«እኔ መሆን እችላለሁ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል። «ችግር የለውም።»

መኪናችንን ወደ ሣሩ ያስገባው ረጅሙ ልጅ ነበር። ኤቫን ይባላል፤ ያደገው እዚሁ ሚኒሶታ ዉድበሪ ነው። ብርቱካናማው ጨርቅ አሁንም ከኪሱ ተንጠልጥሏል። የተናገረው፣ ጎረቤቱ መሰላል አውሰኝ ብሎት እንደሚመልስ ሰው ቀለል አድርጎ ነው።

ኦቦ ጎንፋ ሄደው እጁን ያዙና ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ስም ጠየቁት። ነገራቸው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሠላሳው ልጅ ትንፋሹን ለቆ አብሮ ተቀመጠ። ኦቦ ጎንፋ ቤቱን መረቁ፤ ጋሽ ኃይለማርያም ከረር አድርጎ «አሜን» ሲል ልጆቹ ገብቷቸው ከሁለተኛው ጀምሮ አብረው «አሜን» አሉ። ፒዛ ቀረበ። ኦቦ ጎንፋ «ሥጋው የምንድን ነው?» ብለው አስጠየቁና አይብ ብቻ ያለበትን አነሡ።

መውጣት ግን አልቻልንም። ሣሩ ላይ ሦስት መኪና ከኋላችን ተደርድሯል። ሽማግሌዎቹ እኛ መኪና ውስጥ ማሞቂያ ተከፍቶላቸው ተቀመጡ፤ ኤቫን ባለመኪናዎቹ የተዉለትን ቁልፎች ይዞ አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር፤ እኔ ከኋላ እየመራሁት። ሁለተኛውን አውጥቶ ሲወርድ ሦስተኛውን አልነካም።

«ያ ያልሁት ነገር» አለኝ። «ምንድን ነው ማድረግ ያለብኝ?»

«ምንም። ፊራኦል ደኅና እንዲሆን ነው።»

«ባይሆንስ? ሽማግሌዎቹ ምን ያደርጉኛል?»

«ምንም አያደርጉህም። ዉድበሪ እናትህ ቤት ሄደው ይቆማሉ።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ወደ ቤቱ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ እንደገና ወደ ቤቱ ተመለከተ።

«እሑድ ማታ እንዳይመጣ አድርገው» አለ።

«ለምን?»

«አዲስ ገቢዎቹ ምድር ቤት ይገባሉ። ታላቅ ወንድሙ ለእያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ቮድካ ይሰጠዋል። ሳይጨርስ አይወጣም። መሐላው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ፊራኦል ጠጥቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ። አምና አንዱ አልነቃ አለን። ሆስፒታል በር ላይ አውርደነው ሄድን፣ ስማችንን እንዳይጠይቁን ብለን። ዳነ። እኛ ግን የሄድነው መዳኑን ሳናውቅ ነው። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ።»

«ቅድም ይህን ለምን አልተናገርህም?»

«ቅድም ማንም አልጠየቀኝም ነበር» አለ።

ፊራኦልን ጠርቼ አወጣሁት። ኤቫን የነገረኝን ሁሉ በፊቱ ደገመው፤ አንድም አላስቀረም። ፊራኦል ክራቫቱን ፈቶ እጁ ላይ ጠቅልሎ ሰማው።

«ጠርሙሱን ሰምቻለሁ» አለ። «የአምናውን ልጅ አልሰማሁም።»

«አትሂድ» አልሁት።

«አንተ ጠጥተሃል?» ሲል ኤቫንን ጠየቀው።

«ጠጥቻለሁ።»

«አሁን አባል ነህ።»

«ነኝ።»

«ስለዚህ ለአንተ ሲሆን ያልፋል፣ ለእኔ ሲሆን ሽማግሌ ይላካል።» ወደ እኔ ዞረ። «ለአባዬ ከነገርኸው ሁለተኛ መኪናህ ውስጥ አልገባም። ራሴ ልወስን። አንድ ጊዜ እንኳ ራሴ ልወስን፣ ለሜሳ።»

ኤቫን ሦስተኛውን መኪና ለማውጣት ሄደ፤ በሩን ከፍቶ ቆመና ተመለሰ።

«ከመጣህ አጠገብህ እሆናለሁ» አለው። «ብራንደን አይደለም። እኔ።»

ፊራኦል ወደ ቤቱ ገባ።

በ35 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስንመለስ ጋሽ ኃይለማርያም ልጆቹን እያመሰገነ መጣ። «ጨዋዎች ናቸው። ሲያዩህ ይነሣሉ። የኛዎቹስ አሁን ይነሣሉ?»

«ዋሱ ጥሩ ልጅ ነው» አሉ ኦቦ ጎንፋ። «እጁ ሲሞቅ ታወቀኝ።»

መገርሳ ደጅ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ኦቦ ጎንፋ ዋስ መገኘቱን ሲነግሩት ትከሻው ወረደ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፋው ላይ ተደገፈ። ኢብሲቱ የልጁን ስም አስደገመችኝ። «ኤቫን» እያለች ለራሷ ለመደችው። እኔ እቃ ቤት ገብቼ የማልፈልገውን ነገር ስፈልግ ቆየሁ። ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ ሁለት ጊዜም መገርሳ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ አገኘሁትና ተመለስሁ። ያን ማታና እሑድን ሙሉ ስልኬን ስከፍትና ስዘጋ ዋልሁ።

እሑድ ማታ ፊራኦል ወደዚያ ቤት ሄደ። ብራንደን ጠርሙሱን ሲሰጠው ኤቫን ከእጁ ወስዶ ደረጃው ላይ አስቀመጠውና የምድር ቤቱን በር ከፈተ፤ ፊራኦል ተከትሎት ወጣ። ኤቫን በራሱ መኪና አፕል ቫሊ አደረሰው። በማግስቱ ቤቱ የሁለቱንም ስም ሰረዘ። ፊራኦል ዶርሙን ለቆ የቀረውን ሴሚስተር ከአፕል ቫሊ በአውቶቡስ እየተመላለሰ ተማረ።